ሃይላንድ፣ ኮካ ኮላ፣ ሲዳሞ፦ ስለ ዕቃ ስሞች

ሃይላንድ የተባለው የታሸገ ውሃ ከሱቅ መደርደሪያ ከጠፋ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስሙ ግን ውሃውን ትቶ ወደ ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተዛወረና እስከ ዛሬ ይኖራል። ቆራሌው በየሰፈሩ ሲዞር ከአሮጌ ቆርቆሮና ከብረት ጋር ሃይላንድ ይገዛል፤ እናቶች ለዘይት፣ ለነጭ ጋዝና ለማር መያዣ የሚሆን ሃይላንድ በጓዳ ያጠራቅማሉ፤ ጠበል የሚሄድ ሰው ሃይላንድ ይዞ ይሄዳል። በገጠር መንገድ ዳር የሚቆሙ ልጆች የቱሪስት መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲሮጡ የሚለምኑት ውሃውን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ጠርሙሱ ላይ የፈለገው ፋብሪካ ስም ቢለጠፍበት ያው ሃይላንድ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስሞች በቤታችን ብዙ ናቸው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ኦሞ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሁሉ ላርጎ፣ የወር አበባ መቀበያ ሁሉ ሞዴስ፣ የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ ሁሉ ሮቶ፣ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ ባጃጅ ይባላል። በልጅነቴ ኦሞ ግዛ ተብዬ ስላክ ባለሱቁ «የቱን ኦሞ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ዛሬም በማንኛውም ሱቅ መስማት ይቻላል፣ ማንም አይስቅበትም። ኦሞ እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዝ የተመዘገበ የንግድ ስም ሲሆን ከኦሞ ወንዝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ፍሊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ኒው ጀርሲ ለገበያ ያወጣው የነፍሳት መግደያ ስም ነው። ዕቃው በትውልድ አገሩ ከተረሳ በኋላ እንኳ እኛ ዘንድ ትንኝ ሲበዛ ፍሊት ይነፋል። ሞዴስም እንደዚሁ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በ1920ዎቹ የጀመረው ምርት ነበር። በአሜሪካ ያለች ወጣት ሞዴስ ስጡኝ ብትል ምናልባት ሴት አያቷ ብቻ ትረዳት ይሆናል።

እነዚህን ስሞች ሳስብ የሚገርመኝ ሁሉም በአንድ በኩል ሐሰት፣ በሌላ በኩል ግን ማንንም የማይጎዱ መሆናቸው ነው። «ኦሞ» ብሎ ሌላ ዱቄት የሚሸጠው ባለሱቅ አልዋሸም፤ የገዛውም አልተታለለም። ከዚህ ተነስቼ ስለ ዕቃ ስሞች አንድ አቋም ይዣለሁ፦ እንግዳ ስምና አሳሳች ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በእንግዳው ስም እየሳቅን አሳሳቹን ደግሞ ሳናየው እናልፋለን። አሳሳቹ ስም አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያስቅ፣ ቁም ነገር የሚመስል፣ እንዲያውም በከፊል እውነት የሆነ ቃል ነው።

ለምሳሌ ያህል አገራችን ውስጥ ከሁሉ እንግዳ የሆነው የምርት ስም የቢራችን ስም ነው ብዬ አምናለሁ። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ በቢራ ጠርሙስ ላይ ተስሏል፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1922 ከተመሠረተ መቶ ዓመት ያለፈው ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ምእመኑ ጠዋት ለጊዮርጊስ ተሳልሞ ማታ «ሁለት ጊዮርጊስ አምጣልን» ሲል ምንም አልተቸገረም። ኒያላ ሲጋራም እንዲሁ ነው፤ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ እንስሳ ሲሆን ስሙና መልኩ ለትንባሆ ፓኮ ተሰጠ። ስሙን አይቶ ሲጋራው የባሌን ተራራ አየር ይሰጠኛል ብሎ የገዛ ሰው ግን የለም። ቢራው ጽድቅ፣ ሲጋራው ጤና እንደማይሰጥ ገዢው አስቀድሞ ያውቃል።

አንድ ስም ከእንግድነት ወደ አሳሳችነት የሚሻገረው የት ላይ ነው ለሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ የምወደው በኮካ ኮላ ላይ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ከአትላንታ ተጭኖ ቴኔሲ ውስጥ ቻተኑጋ ከተማ የደረሰ 40 በርሜልና 20 ትንንሽ በርሜል የኮካ ኮላ ሽሮፕ ያዙ። ከጀርባቸው የነበረው የግብርና መሥሪያ ቤቱ ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ሲሆን፣ መሣሪያው ደግሞ በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ነበር። በዚያ አገር ሥርዓት የተያዘው ዕቃ ራሱ ስለሚከሰስ የመዝገቡ ስም እስከ ዛሬ «ዩናይትድ ስቴትስ በ40 በርሜልና በ20 ትንንሽ በርሜል ኮካ ኮላ ላይ» የሚል ነው፤ ተከሳሹ በርሜል ነበር ማለት ነው።

ክሱ ሁለት ነበር። አንደኛው በመጠጡ ላይ የተጨመረው ካፌይን ጤና ይጎዳል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቀጥታ ስሙን የሚመለከት ነበር፦ መጠጡ ኮካ የሚባለው ቅጠል የለበትም፣ ኮላ የሚባለውም ፍሬ ቢኖርበት እጅግ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ስሙ ሐሰት ነው። የክሱን ምፀት ልብ ይሏል። ኩባንያው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከኮካ ቅጠል የሚገኘውን ኮኬይን ከመጠጡ አስወግዶ ነበር፤ ኮኬይኑን ቢተወው በመርዘኛነት ይከሰስ የነበረ ኩባንያ ስላስወገደው በስሙ ተከሰሰ። በ1911 ችሎት የተቀመጡት ዳኛ ሳንፎርድ መዝገቡን ለኩባንያው ፈርደው ዘጉት። በ1916 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኛ ሂዩዝ ብዕር ውሳኔውን ሻረ። ኩባንያው ኮካ ኮላ የራሴ ልዩ ስም ነው፣ ስለ ይዘቱ የሚናገር መግለጫ አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ ሁለት የታወቁ ዕቃዎችን ስም አጋጥሞ በመጻፍ ብቻ ከመግለጫነት ማምለጥ አይቻልም፣ ጉዳዩ በማስረጃ ሊታይ ይገባል አለ። በመጨረሻ ኩባንያው የካፌይኑን መጠን ቀንሶና ወጪውን ከፍሎ ከመንግሥት ጋር ተስማማ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል አላነሣውም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ እንደገና በዚያው ፍርድ ቤት ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሳሽ ሆኖ ነው። «ኮክ» የሚል ስም ለጥፎ ተመሳሳይ መጠጥ የሚሸጥ ድርጅት ነበርና እንዲታገድለት ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቱ፣ በገዛ ስምህ ሕዝብ የምታታልል ሆነህ ሳለ ሌላው ሰው ስምህን ሰረቀ ብለህ ልትከስ አትችልም በሚል ስሜት ጥያቄውን አልተቀበለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የሰጡት መልስ በእኔ ግምት ስለ ንግድ ስሞች ከተነገሩት ሁሉ ብስል የሆነው ነው፦ ስሙ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው ከአንድ ቦታ የሚመጣ አንድ መጠጥ ተብሎ እንጂ የንጥረ ነገር ዝርዝር ተብሎ አይደለም፤ ዛሬ ኮኬይን አገኛለሁ ብሎ የሚገዛው ሰው የለም ለማለት ይቻላል አሉ። ስሙ በአንድ ወቅት ተናግሮት የነበረውን ነገር መናገር አቁሟል ማለት ነው። የእኛ ሃይላንድ የሆነውም ይኸው ነው፤ ለዚህም ነው አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ፊደል «ኮካ ኮላ» የሚል ጠርሙስ የሚከፍት ሰው ስለ ደቡብ አሜሪካ ቅጠል ቅንጣት ታህል የማያስበው።

የሆምስን ሐሳብ ወደ ጓዳችን ሳመጣው የሚያስረዳኝ የጾም ቅቤ ነው። ቅቤ ከሆነ የጾም አይደለም፣ የጾም ከሆነ ቅቤ አይደለም፤ ቃሉ በቃሉ ላይ የቆመ ስም ነው። ሆኖም በዐቢይ ጾም ሱቅ የሚገባ ሰው የሚፈልገውን በትክክል የሚነግረው ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። የጾም ወተት፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከዕፅዋት የተሠራ ምርት ወተት ወይም ቅቤ ተብሎ ሊሸጥ አይችልም ብሎ ሲወስን በዚያው ውስጥ የቆየ ልማድ ያጸደቃቸውን እንደ ኮኮናት ወተት ያሉ ስሞችን ሳይከለክል ለመተው የተገደደው ይመስለኛል ይህንኑ በማየት ነው። «የጾም» የሚለው ቅጽል ማታለሉን ከሥሩ ይነቅለዋል። ያንኑ የረጋ ዘይት ላም በተሳለበት ጣሳ አድርጎ በቅቤው የታወቀ አገር ስም ለጥፎበት «የጾም» የሚለውን ቃል ግን በጀርባው በደቃቅ ፊደል የጻፈ ነጋዴ ቢኖር፣ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ዘይትን ካነሣሁ አይቀር፣ ከስም ሁሉ የሚያናድደኝ ስም ያልሆነው፣ ከስሙ ሥር በኩራት የሚጻፈው «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ነው። የዕፅዋት ዘይት ሁሉ፣ ኑግም ሆነ ሱፍ ወይም ፓልም፣ በተፈጥሮው ኮሌስትሮል የለበትም ሊባል የሚችል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ገዢው ይህኛው ጀሪካን ከጎኑ ካለው በጤና እንደሚሻል አድርጎ ይረዳዋል፤ በፓልም ዘይት ውስጥ ያለው የሚረጋ ቅባት በበኩሉ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ነው። እውነቱን ተናግሮ ማሳሳት ይሏል ይህ ነው። እናቴ ጽሑፉን አታነብም፤ የምትጠይቀው «የሚረጋ ነው የማይረጋ?» ብላ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ሌሊቱን አድሮ የነጣና የጠጠረ ዘይት ስለ ራሱ ከጽሑፉ የበለጠ ስለሚናገር፣ የእናቴ ጥያቄ ከጀሪካኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ የቀረበ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ገበያችን ከጥንት ጀምሮ የኖረው በዚህ ዓይነት ፈተና ነው። የአዳ ጤፍ፣ የሸኖ ቅቤ፣ የትግራይ ነጭ ማር ሲባል በወረቀት ላይ ያልተጻፈ፣ በአፍ ብቻ የሚኖር የንግድ ስም ነው፤ ሻጩ ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፣ ገዢውም ሻጩ ስም ስለጠራ ብቻ አያምነውም። ቅቤውን በእጇ ጀርባ አሽታ ታሸተዋለች፣ ማሩን ትቀምሳለች፣ ጤፉን በመዳፏ ዘግና ትነፋዋለች። መርካቶ ደግሞ ከዚህ አልፎ የሐሰት ስምን በግልጽ ደረጃ አውጥቶለታል። አንድ ዓይነት የታወቀ ስም በለበሱ ሦስት ጫማዎች ፊት ቆሞ «ይሄ ኦሪጅናል፣ ይሄ የዱባይ፣ ይሄ ኮፒ» ብሎ ዋጋቸውን የሚጠራ ነጋዴ አይቻለሁ። የዱባይ የሚለው ቃል ጫማው ዱባይ ተሠራ ማለት እንዳልሆነ፣ በዱባይ በኩል መጣ ማለት ብቻ እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ጫማው ይዋሻል፤ ሻጩ ግን እውነቱን ይናገራል። (ይህን ስል የንግድ ምልክት ባለቤቶች እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998ም ከእነሱ ጋር ነው።)

የቦታ ስም ከሩቅ አገር ሲነገር ግን የእጅ ጀርባ ፈተናው አይሠራም። ሃገን ዳዝ የተባለውን አይስክሬም ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ የጀመረው ሮይበን ማተስ ስሙን የፈጠረው ዴንማርክኛ እንዲመስል ብሎ ሲሆን በቋንቋው ውስጥ እንዲህ የሚባል ቃል የለም፤ አይስክሬሙ ጥሩ ስለሆነ ማንም አልከፋውም። በቡና ላይ ግን ስም ገንዘብ ነው። ሞካ በየመን ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚገኝ፣ ራሱ ቡና የማያበቅል ወደብ ሲሆን፣ የሐረር ቡና ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ለዓለም ተሸጧል፤ ዛሬ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሞካ ብለው ሲያዝዙ ቸኮሌት የተጨመረበት መጠጥ ይመጣል። አንድ ስም ከአፈሩም ከፍሬውም ተፋትቶ እንዲህ ሩቅ ሲሄድ ገበሬው የሚከተልበት መንገድ የለም።

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ ያስገባው ይህንኑ መንገድ ለመክፈት ነበር። ስታርባክስ ከዚያ በፊት ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለራሱ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ማኅበርም ተቃውሞ አቀረበ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ስለሆኑ የማንም ንብረት ሊሆኑ አይችሉም የሚል ነበር ክርክሩ። እኛ ስለ ኦሞ የምንለውን እነሱ ስለ ሲዳሞ አሉት ማለት ነው። ልዩነቱ ኦሞ የኩባንያ ስም ሲሆን ሲዳሞ የሰው አገር መሆኑ ነው። ክርክሩ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተዘጋና ስታርባክስ የኢትዮጵያን የስሞቹ ባለቤትነት ተቀበለ። እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር መጨመር አለብኝ። ሲዳሞ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከካርታ ላይ ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክልሉም ሕዝቡም ሲዳማ ነው የሚባሉት፤ ቀድሞ ሲዳሞ ተብሎ ይሸጥ የነበረው የጉጂ ቡናም ዛሬ በራሱ ስም ገበያ ወጥቷል። የታገልንለት ስም በጥብቅ ከተመዘነ እሱም አሮጌ መለያ ነው። ቢሆንም ትግሉ ትክክል ነበር እላለሁ፤ የተጠየቀው ስሙ ጥቅም በሚያስገኝበት ጊዜ ጥቅሙ ለማን ይሁን የሚለው ነውና።

ገዢው በምላሱም በእጁም ሊፈትነው የማይችለው፣ ስለዚህም ስሙን ከማመን ሌላ አማራጭ የሌለው ዕቃ ሲመጣ ነው አደጋው የሚጀምረው። «ላይት» የተባለው ሲጋራ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በማጣሪያው ዙሪያ በተበሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ጭሱን ስለሚያቀጥነው የመለኪያው ማሽን ዝቅተኛ የታር መጠን ይመዘግባል። ማሽን ግን ጣት የለውም፤ ሰው ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፣ ሱሱ እስኪረካም ጠልቆ ይስባል። ሊተዉት የነበሩ ብዙ ሰዎች ቀላሉን እናጭስ እያሉ ቆዩ። የአውሮፓ ኅብረት ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2003 አገደ፣ አሜሪካም በ2010 ተከተለች፤ ኩባንያዎቹ «ላይት» የሚለውን አንሥተው በቦታው «ጎልድ» ብለው ጻፉ፣ አጫሹም በፓኮው ቀለም እየለየ መግዛቱን ቀጠለ። የእኛ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከፓኮው ፊት 70 በመቶው በሥዕላዊ የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ማዘዙን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። በኒያላ ሥዕል የተከፋ ሰው ኖሮ አይደለም፤ በቃል የታገደው በቀለም ተመልሶ ስለሚመጣ ለሥዕሉም ለቀለሙም የሚተርፈውን ቦታ ማጥበብ ያስፈልጋል።

ኮካ ኮላ ስለ ስም ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከእሱ ቤት ሚኒት ሜይድ የተባለው የጭማቂ መለያ «ሮማን ብሉቤሪ» ብሎ የሸጠው መጠጥ 99.4 በመቶው የፖምና የወይን ጭማቂ ሆኖ ሮማኑ 0.3፣ ብሉቤሪው 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሮማንና ብሉቤሪ ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ ይሞላል። ፖም ዋንደርፉል የተባለው የሮማን ጭማቂ አምራች ከሰሰ፤ ኩባንያው በበኩሉ ስሙ የምግብ መሥሪያ ቤቱን ደንብ ያሟላ ስለሆነ ተፎካካሪ ሊከሰኝ አይችልም አለ። በክርክሩ ላይ የኩባንያው ጠበቃ ሸማቹ ይህን ያህል ሞኝ አይደለም ለማለት ሲሞክሩ፣ ዳኛ ኬኔዲ እሳቸው ራሳቸው የሮማን ጭማቂ መስሏቸው እንደነበር ነገሯቸው። ፍርድ ቤቱ በ8 ለ0 ድምፅ ክሱ መቀጠል ይችላል ብሎ ወሰነ።

በ1916 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው «ኮካ ኮላ» እና በ2014 ያየው «ሮማን ብሉቤሪ» በላያቸው ሲታዩ አንድ ዓይነት ጥፋት ናቸው፤ ሁለቱም የሌለ ወይም የሌለ ያህል የሆነ ነገር ስም ጠሩ። የመጀመሪያው ግን በጊዜ ብዛት የራሱ ስም ሆነ፣ ሁለተኛው መቼም ሊሆን አይችልም፤ ሮማን የሚለው ቃል ዛሬም ነገም ዛፍ ላይ ያለውን ፍሬ ማለቱን አያቆምምና። ጉዳዩ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ በ2016 ለጁሪ ሲቀርብ ጁሪው ኩባንያው ሸማቹን አላሳሳተም ብሎ ወሰነለት። እኔ ብጠየቅ ግን ከኬኔዲ ጋር ነኝ፤ ጠርሙሱን እንደ እሳቸው ከፊት ለፊት አይቼው ቢሆን ኖሮ ገልብጬ ጀርባውን አላነብም ነበር።